ቂም ይዞ ጸሎት አልሆን ላላችሁ፦ የውስጥ ጥንካሬና ርኅራኄ ልምምድ ከሀ እስከ ፐ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እንዲህ ነው። ጠዋት ልብ የሚነካ ነገር ያነባል ወይ ይሰማል፣ "ከዛሬ ጀምሮ አልቆጣም፣ ለሰው ሁሉ አዝናለሁ" ይላል፣ ከዛ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አንድ ሰው አንድ ቃል ጣል ያደርግበትና ያ ሁሉ ውሳኔ ብን ይላል። ማታ ደሞ ለምን ተናደድኩ ብሎ በራሱ ይናደዳል። በሳምንቱ "እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም" ብሎ እርግፍ አድርጎ ይተወዋል። እኔም ስንቴ እንደዛ ሆኛለሁ።

ብዙ ጊዜ ችግሩ የእምነት ማነስም የልብ ክፋትም አይደለም፣ ቅደም ተከተል ነው። ሰውነታችን ገና እየተንቀጠቀጠ ይቅር ልንል እንሞክራለን፣ ምሬታችንን ሳናወጣ ምርቃት እንጀምራለን፣ ከሁሉም የሚከብደንን ሰው ደሞ አንደኛ ላይ እናስቀምጠዋለን። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን በተራው ሥሩት፣ መዝለል የለም።

## ከመጀመራችሁ በፊት

አንድ ምንጭ ምረጡ። ያደጋችሁበት ወይ አሁን የያዛችሁት እምነት ይበቃል። ሰኞ መዝሙር፣ ማክሰኞ ቁርኣን፣ ረቡዕ ቡድሃ እያሉ መቀላወጥ እውቀት ይጨምር ይሆናል፣ ጥንካሬ ግን አይሰጥም። እኔ እዚህ ከተለያየ ቦታ ምሳሌ የማመጣው ሁላችሁም የራሳችሁን እንድታገኙበት ነው፣ ሁሉንም እንድትሠሩት አይደለም። ሃይማኖት የሌላችሁም ሥሩት፣ ደረጃዎቹ ያው ናቸው።

ሰዓት ቁረጡ። ጠዋት 10 ደቂቃ፣ ማታ 5 ደቂቃ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት የሚቀመጥ ሰው በአራተኛው ቀን አይገኝም፣ ይሄን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ደብተርና እስክሪብቶ አዘጋጁ። የስልክ ኖት አይሆንም። ለምን እንዳልኩ ደረጃ 3 ላይ ትሰማላችሁ።

የአራት ሰው ዝርዝር ጻፉ።

1. ስታስቡት ፊታችሁ የሚፈታ ሰው፣ በሕይወት ያለ
2. በየቀኑ የምታዩት ግን ምንም ስሜት የማይሰጣችሁ ሰው
3. ትንሽ የሚያናድዳችሁ ሰው
4. የበደላችሁ ሰው

አራተኛው ላይ የሕይወታችሁን ትልቁን በደል አትጻፉ። ያጭበረበራችሁ ወይ ስማችሁን ያጠፋ ሰው ይበቃል። ትልቁ ቁስል በዚህ ልምምድ ብቻ አይነካም፣ እሱን መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ።

## ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ሰውነትን አርግቡ

1. ወንበር ላይ ቁጭ በሉ፣ እግራችሁ መሬት ይንካ፣ ጀርባችሁ አይጉበጥ።
2. መንጋጋችሁን ልቀቁት። ጥርሳችሁ ተነካክቶ ከሆነ አለያዩት። ብዙ ሰው ጥርሱን ነክሶ እንደሚውል የሚያውቀው እዚህ ጋ ነው።
3. በልባችሁ እስከ 5 እየቆጠራችሁ በአፍንጫ አስገቡ፣ እስከ 5 እየቆጠራችሁ አውጡ። በደቂቃ 6 ትንፋሽ ገደማ ይመጣል።
4. ይሄን ለ3 ደቂቃ።

ቁጥሩ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ2001 እ.ኤ.አ. ቢኤምጄ በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት 23 ጤነኛ ሰዎች የእመቤታችንን ሰላምታ በላቲን ሲደግሙና የዮጋ ማንትራ (ተደጋግሞ የሚባል አጭር ቃል) ሲያነበንቡ ለክቶ፣ በሁለቱም ትንፋሻቸው ወደዚሁ 6 እንደወረደና የልብ ምታቸው ከፍ ዝቅታ ከትንፋሹ ጋር እንደገጠመ አሳይቷል። ማንም ቁጠሩ ሳይላቸው እኮ ነው፣ የጸሎቱ ርዝመት ራሱ አወረዳቸው።

ካልሠራ፦ አንዳንድ ሰው ትንፋሹን ሲያዳምጥ ይብስበታል፣ ደረቱ ይጨንቀዋል። እንደዛ ከሆነ ዓይናችሁን ክፈቱ፣ ቁጥሩን ተዉት፣ ክፍሉ ውስጥ ያሉ አምስት ነገሮችን በዓይናችሁ ፈልጋችሁ ስማቸውን ጥሩ ወይም ቀስ ብላችሁ እየተራመዳችሁ እርምጃችሁን ቁጠሩ። ራስ ካዞራችሁ በጣም በኃይል እየሳባችሁ ነው ማለት ነው፣ አቅልሉት።

## ደረጃ 2፦ አንድ አጭር ቃል ያዙ

ረጅም ጸሎት በሰላም ቀን ጥሩ ነው። በጭንቅ ሰዓት ግን አፍ ላይ የሚመጣው አጭሩ ብቻ ስለሆነ አጭሩን ነው ማሠልጠን ያለባችሁ። "እግዚኦ ተሣሃልነ"፣ "ጌታ ሆይ ማረኝ"፣ "ያ ረህማን ያ ረሂም"፣ የቲቤት ቡድሂስቶች "ኦም ማኒ ፓድሜ ሁም" የሚሉት፣ ሃይማኖት ለሌለው ደሞ "ይሄም ያልፋል፣ እኔ እዚህ ነኝ" ሊሆን ይችላል።

አንዱን ምረጡና ግማሹን ትንፋሽ ስታስገቡ፣ ግማሹን ስታወጡ በሉት። 2 ደቂቃ ይበቃል። ቢያንስ ለ40 ቀን አትቀይሩት፣ ቢሰለቻችሁም። እንደውም መሰልቸቱ ቃሉ ከአፍ ወርዶ መደላደል የጀመረበት ሰዓት ስለሆነ ያኔ መቀየር ኪሳራ ነው።

ሐሳብ ሲበተን፦ ይበተናል፣ በቃ። የቤት ኪራይ ትዝ ይላችኋል፣ የትናንቱ ጭቅጭቅ ይመጣል፣ ድንገት የድሮ ዘፈን ይገባል። ስታውቁት ራሳችሁን ሳትሰድቡ ወደ ቃሉ ተመለሱ። ሃያ ጊዜ ሄዶ ሃያ ጊዜ የተመለሰ ሰው ሃያ ጊዜ ሠርቷል። "ዛሬ አልተሳካልኝም" የሚሉኝ ሰዎች ስንት ጊዜ ተመለሳችሁ ስላቸው ደንበኛ ሥራ ሠርተው ነው የሚገኙት።

## ደረጃ 3፦ ምሬቱን አውጡት

ይሄን ደረጃ ሰው ሁሉ ይዘለዋል፣ ለዛ ነው ከዚህ ቀጥሎ ያለው የማይሠራው። "መንፈሳዊ ሰው አያማርርም" የሚል አጉል ነገር ጭንቅላታችን ውስጥ አለ። መዝሙር 13ን፣ በግዕዙ ቁጥር 12ን፣ ገልጣችሁ እዩ እስቲ፣ ገና ከመነሻው "እስከ መቼ" እያለ ነው የሚጮኸው፤ መታመኑ የሚመጣው ከጩኸቱ በኋላ ነው። ቁርኣን ውስጥ ሱረቱ ዩሱፍ ላይም ያዕቆብ ጭንቀቴንና ሐዘኔን የምናገረው ለአላህ ነው ይላል፣ ሐዘን የለኝም አላለም።

1. በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከደረጃ 2 በኋላ፣ ደብተሩን ክፈቱ።
2. ለፈጣሪ ወይ ለማንም ላልሆነ ሰው ከ5 እስከ 10 መስመር ጻፉ። ቃል አትምረጡ።
3. "ምን አጣሁ?" ብላችሁ ጠይቁና አንድ መስመር ጨምሩ። ከንዴቱ ሥር ያለው ነገር እዚህ ነው የሚወጣው፣ ብዙ ጊዜ ወይ መናቅ ነው ወይ ፍርሃት።
4. "አሁን የሚያስፈልገኝ..." ብላችሁ አንድ መስመር።
5. ደብተሩን ዝጉ። ደግማችሁ አታንብቡት።

ማስጠንቀቂያ፦ በወረቀት ብቻ። የራሴን ልንገራችሁ። አንድ ቀን አብሮኝ የሚሠራ ሰው ላይ ያለኝን ምሬት ስልኬ ላይ፣ እዛው እኔና እሱ የምንጻጻፍበት ሳጥን ውስጥ ጻፍኩት። ሐሳቤ ጨርሼ ላጠፋው ነበር። ወደ ላይ ወጥቼ አንድ ፊደል ላርም ስል አውራ ጣቴ መላኪያዋን ነካት። ግራጫዎቹ ሁለት ምልክቶች ሰማያዊ ሲሆኑ ቁጭ ብዬ አየኋቸው። "ይቅርታ፣ ለልምምድ ነበር" ተብሎ ምን ይጻፋል? ለሦስት ሳምንት ሰላምታ አልነበረንም። ስለዚህ ደብተር።

ጽሑፉ ካላቆመ፦ 10 መስመር አልፎ ገጽ ከሆነ፣ እጃችሁም እየፈጠነ ከሄደ፣ ምሬቱ እየወጣ ሳይሆን እየተቀጣጠለ ነው። እስክሪብቶውን አስቀምጡና ወደ ደረጃ 1 ተመለሱ።

## ደረጃ 4፦ ርኅራኄ፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ

ዋናው ይሄ ነው፣ ረጅም የምጽፈውም እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው "ጠላትህን ውደድ" ሲባል በቀጥታ ወደ ጠላቱ ይሄዳል። የ5ኛው ክፍለ ዘመን የቡድሂስት መነኩሴ ቡድሃጎሳ ይሄንኑ ልምምድ ሲያስተምር በፍጹም ከጠላት አትጀምሩ ይላል፤ መጀመሪያ ራስ፣ ከዛ የምታከብሩት፣ ከዛ የቅርብ ወዳጅ፣ ከዛ መሐል ላይ ያለ ሰው፣ ጠላት መጨረሻ። የሞተ ሰው ላይም አትሥሩት ይላል። የሚወዱትን ያጣ ሰው ርኅራኄ ልሥራ ብሎ ሲጀምር ሐዘን ውስጥ ሲሰምጥ ስላየሁ ይሄን ምክር ከምር ውሰዱት።

አሠራሩ፦

1. ሰውየውን ፊት ለፊታችሁ እንዳለ አስቡት። ሙሉ ሕይወቱን አይደለም፣ አንድ ነገር ብቻ፤ እጁን፣ አረማመዱን፣ ሲደክመው የሚያደርገውን።
2. እነዚህን አራት መስመሮች ቀስ እያላችሁ በሉ፦ "ሰላም ይሁንልህ። ከጉዳት ተጠበቅ። የሚከብድህ ይቅለልልህ። ብቻህን አትሁን።" ለሴት ከሆነ "ይሁንልሽ" እያላችሁ። በጸሎት ቋንቋ ከለመዳችሁ "ጌታ ሆይ፣ እገሌን አስበው" ማለትም ያው ነው።
3. ከዛ ለራሳችሁ ድገሙት።
4. በአንድ ቀን ከሁለት ሰው በላይ አትሥሩ።

ሳምንት 1 እና 2፣ ራሳችሁና የምትወዱት ሰው። ለራስ ሲባል ብዙዎች አፋቸው ይያዛል፣ ያሳፍራል። ካልወጣላችሁ ከምትወዱት ሰው ጀምሩና እሱ ለእናንተ እያለላችሁ እንደሆነ አስቡ፣ በጓሮ በር መግባት ነው።

ሳምንት 3፣ ምንም የማይሰጣችሁ ሰው። ይሄ ሳምንት ነው እኔን የቀየረኝ። የመረጥኩት በየቀኑ የማልፈውን የሕንፃ ጥበቃ ነበር። "ሰላም ይሁንልህ" ልለው ፊቱን ላስብ ስል ፊቱ አልመጣልኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ አልፌው ፊቱን አላውቀውም! በነጋታው አየሁት። ቆሞ ክብደቱን ከቀኝ እግሩ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ያዛውር ነበር፣ የግራ ጫማው ተረከዝ በአንድ ጎን አልቋል። ከዛን ቀን በኋላ ያ የተበላ ተረከዝ ሳይመጣብኝ ምርቃቱን ብዬው አላውቅም። እኛ "አንጀቴን በላው" እንደምንለው፣ ሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ላይ ተደብድቦ የወደቀውን ሰው የረዳው ሳምራዊ "አዘነለት" የሚለውም በግሪኩ ከሆድ ዕቃ የወጣ ቃል ነው። አንጀት ደሞ በጠቅላላ ሐሳብ አይላወስም፣ ተረከዝ ይፈልጋል።

ሳምንት 4 እና 5፣ ትንሽ የሚያናድዳችሁ። ድምፁ የሚያስጠላችሁ፣ ስብሰባ የሚያስረዝም፣ እንደዛ ያለ። መስመሮቹን ስትሉ ፌዝ ከመጣባችሁ፣ "ከጉዳት ተጠበቅ፣ ከኔ" ምናምን፣ ሳቁና ቀጥሉ።

ሳምንት 6፣ አራተኛው ሰው። እዚህ ስትደርሱ ንዴቱ ቢነሳ አትገረሙ። ያው መነኩሴ ለዚህ ብዙ መላ አስቀምጧል፣ አንዱ እንደውም ያስቃል፦ በምኑ ነው የተናደድከው፣ በራስ ፀጉሩ ነው? በጥፍሩ? እያለ ሰውየውን ይበታትነዋል። ሁሉም ሲያልቅበት ደሞ የመጨረሻው መላው ስጦታ ነው፤ ለሰውየው የሆነ ነገር ስጠው ወይ ከሱ ተቀበል ይላል። ከተቃቀርኩት ሰው ጋር ሞክሬዋለሁ፣ የሚፈልገውን ፋይል ሳይጠይቀኝ አዘጋጅቼ ሰጠሁት። እሱ ተለወጠ አልልም። የኔ ትከሻ ግን ወረደ።

ምንም ስሜት ካልመጣ፦ ቀጥሉ። ድርቅ ያለ ቀን ይኖራል፣ ቃሉን እንደ ግድግዳ ትሉታላችሁ። ሥራው መስመሮቹን ማለት ነው፣ ስሜቱ እንግዳ ነው፣ ሲፈልግ ይመጣል።

ማልቀስ ከመጣ፦ አልቅሱ፣ ከዛ እግራችሁ መሬት መንካቱን አረጋግጡ፣ ያን ቀን ወደ አራተኛው ሰው አትሂዱ።

## ደረጃ 5፦ ንዴት ሲመጣ የሚሠራ

እስካሁን ያለው ልምምድ ነበር፣ ይሄኛው የግጥሚያ ሰዓት ነው።

1. አፍ ዝጉ። አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳን "ለማስረዳት" ብላችሁ አትጨምሩ።
2. ቆማችሁ ከሆነ ተቀመጡ። አቡዳውድ በዘገቡት ሐዲስ (የነቢዩ ሙሐመድ ንግግር) የተቆጣ ሰው ቆሞ ከሆነ ይቀመጥ፣ ካለቀቀው ጋደም ይበል ይላል። ጋደም ያለ ሰው ለመማታትም ለመሳደብም አይመቸውም፣ ቀልድ የለውም።
3. በውስጣችሁ "ንዴት መጣ" በሉ። "እሱ እኮ..." የሚለውን አትጀምሩ።
4. አጭሩን ቃል ከትንፋሽ ጋር ስድስቴ።
5. ከዛ በኋላም መናገር ካስፈለገ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፣ በ"እኔ" ጀምራችሁ።

በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ሌላ ሐዲስ ደሞ ኃይለኛ ማለት ታጋዩን የሚጥል ሳይሆን ሲቆጣ ራሱን የሚይዝ ነው ይላል። ጥንካሬ ጥንካሬ የምንለው ተግባር ላይ ይሄው ነው፣ ያችን አንድ ዓረፍተ ነገር አለመጨመር።

ቀድሞ ካመለጣችሁ፦ ጮሃችሁ ከሆነ "ልክ ነበርኩ ግን አጯጯሄ..." አትበሉ። "ጮኼብሃለሁ፣ ይቅርታ" ብላችሁ ነጥብ አድርጉ። "ግን" የምትለዋ ቃል ይቅርታውን ትበላዋለች።

## ደረጃ 6፦ በቀን አንድ ትንሽ ሥራ

በ1973 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ተመራማሪዎች አሜሪካ ፕሪንስተን ላይ 40 የነገረ መለኮት ተማሪዎችን አንድ በአንድ ንግግር እንዲያደርጉ ወደ ሌላ ሕንፃ ላኳቸው። ግማሾቹ የሚናገሩት ስለ ደጉ ሳምራዊ ነበር። መንገዳቸው ላይ አንድ ሰው ተጣጥፎ እያሳለና እያቃሰተ ተቀምጧል፣ ሆን ተብሎ ማለት ነው። ጊዜ ካላቸው ውስጥ 63 በመቶ ረዱ፣ መጠነኛ ጥድፊያ ላይ ካሉት 45፣ "ረፍዶብሃል ሩጥ" ከተባሉት 10 በመቶ። ለውጥ ያመጣው የንግግሩ ርዕስ ሳይሆን ጥድፊያው ነበር። ስለ ሳምራዊው ሊሰብክ እየሄደ የታመመውን ያለፈ አለ፣ አስቡት።

ስለዚህ መመሪያው አጭር ነው። በቀን አንድ ቦታ 10 ደቂቃ ቀድማችሁ ውጡ፣ በዛች 10 ደቂቃ ውስጥ የመጣውን ሰው እርዱ። በር መያዝም፣ አድራሻ ማሳየትም፣ ወሬውን የማይጨርስ ሰው መስማትም ይቆጠራል። ለማንም አትንገሩ፣ ፎቶም አታንሱ።

## ደረጃ 7፦ የማታ አምስት ደቂቃ

ሮማዊው ፈላስፋ ሴኔካ መብራት ሲጠፋና ሚስቱ ዝም ስትል ቀኑን ከላይ እስከ ታች ይመረምር እንደነበር ጽፏል፣ ከራሱም ምንም አልደብቅም ይላል። ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦

1. ዛሬ የት ጋ ያዝኩት?
2. የት ጋ አመለጠኝ?
3. ነገ የትኛው ሰዓት ላይ ያሰጋኛል?

በ1 ጀምሩ፣ ሁልጊዜ። በ2 የሚጀምር ሰው ዐቃቤ ሕግ ይሆንና በሁለት ሳምንት ማታውን መፍራት ይጀምራል።

## በመሐል የሚመጡ ትልልቅ ችግሮች

"ለሰው እያዘንኩ ነጠፍኩ"። ይሄ ርኅራኄ ሳይሆን የሌላውን ሕመም አብሮ መታመም ነው። ታኒያ ሲንገርና ኦልጋ ክሊሜኪ የሚባሉ ተመራማሪዎች ሁለቱን ለይተው ሰዎችን አሠልጥነው ነበር፤ ስቃዩን መጋራት ብቻ ስሜትን ሲያጨልም፣ በጎ መመኘትን መለማመድ ደግሞ መልሶ ያነሳል። በተግባር፦ "ምን ያህል አሞት ይሆን" ላይ ከቀራችሁ ቶሎ ወደ "ይቅለልልህ" ተሻገሩ። እንደገና ከከበደ ያን ቀን ለራሳችሁ ብቻ ሥሩ።

የበደላችሁ ሰው አሁንም እየበደላችሁ ከሆነ። የሚመታችሁ፣ የሚያስፈራራችሁ ወይ ገንዘባችሁን የሚወስድ ሰው ላይ ይሄን ልምምድ አትጀምሩ። መጀመሪያ ራቁ፣ ለምታምኑት ሰው ተናገሩ፣ ሕግ ካስፈለገ ወደ ሕግ ሂዱ። "ብታገሥ ይለወጣል" የሚል መንፈሳዊ ምክር ከማንም ቢመጣ፣ ከአገልጋይም ቢሆን፣ አትቀበሉት። በሩን ቆልፎ በልብ መልካም መመኘት ይቻላል።

የልጅነት ወይ የጥቃት ቁስል ሲነሳ፣ እንቅልፍ ሲጠፋ፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሲመጣ ልምምዱን አቁሙና ባለሙያ አማክሩ፣ ዛሬውኑ። ጸሎቱ ይቆያል።

ቀን ከዘለላችሁ አታካክሱ፣ በነጋታው ደረጃ 1ን ብቻ ሥሩና ከነበራችሁበት ሳምንት ቀጥሉ። ከሁለት ሳምንት በላይ ካቆማችሁ ከሳምንት 3 ጀምሩ፣ ከዛ ጥበቃ ወይ ከናንተው ሰው።

ስድስተኛው ሳምንት ሲያልቅ ያን የአራት ሰው ዝርዝር አውጡና አራተኛውን ስም ጮክ ብላችሁ አንብቡት። መንጋጋችሁን ልብ በሉ። ካልጠበቀ ስሙን ሰርዙና ሌላ ጻፉ። ከጠበቀ ስሙ እዛው ይቆይ፣ እናንተ ነገ ጠዋት ወደ ሁለተኛው ሰው ተመለሱ።